ጫማ የሚጠረግበት ድንጋይ

ሰፈሩ በሙሉ «ልዕልት» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት ከልብስ ስፌት ሱቋ ደጃፍ የሚቀመጠው ጫማ ሰፊ ነው፤ ሊያበሽቃት ብሎ ነበር። እሷ ግን «ይገባኛል» አለችና የስፌት መኪናዋን መርገጥ ቀጠለች። እንዲህ ያለ ሰው ላይ መቀለድ ደግሞ አይመችም። ጫማ ሰፊው ተስፋ ቢቆርጥም ስሙ ተጣብቆ ቀረ፤ ዛሬ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ አላፊ አግዳሚ እንኳ «ልዕልት የለችም እንዴ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው።

ሱቁን ላየ ግን ስሙ ያስቃል። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ጠባብ ክፍል ነው። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ ግድግዳው ላይ በምስማር የተደረደሩ የክር ጥቅልሎች፣ ጠርዙ የተሸረፈ መስታወት፤ በቃ ይኸው ነው። ዚፕ ትቀይራለች፣ ጠርዝ ትዘመዝማለች፣ የወፈረችዋን ቀሚስ ታሰፋለች፣ የከሳችዋን ታጠባለች፤ ለሁለቱም «ምንም አልሆንሽም፣ ጨርቁ ነው» ትላለች። ፔዳል ስትረግጥ የኖረ ጉልበቷ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል። እሷ ግን አታጉረመርምም፤ ለምን ቢሉ፣ ከአንገቷ ላይ ቁልፍ አለ።

ቁልፉ ከከተማው በላይ ኮረብታው ላይ ያለው የድንጋይ መቃብር ቤት የሚከፈትበት ነው። እዚያ ውስጥ፣ በተጠረበ የድንጋይ ሣጥን፣ አንድ ጌታ ተኝቷል። ስሙ ከድንጋዩ ላይ ተፍቆ ጠፍቷል። አገሩን ሁሉ ይገዛ እንደነበር ይወራል፤ ማን እንደሾመውና ከየት እንደመጣ ግን የሚያውቅ የለም። የእሷ ቤተሰብ ሲጠራው «አያታችን» ነው የሚለው። ሰባተኛ አያት ነው ወይስ ስምንተኛ የሚለው ጉዳይ በቤተሰቡ ስብሰባ ሁሉ ተነስቶ፣ ሁለት ሰው አኳርፎ፣ ሳይፈታ ያድራል። ቁልፉ ግን ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ መኖሩን የሚጠራጠር አልነበረም። ወንድሟ ሊወርሰው ሲገባ ቀድሞ ስለሞተ አባቷ ከራሱ አንገት አውልቆ ለእሷ አጠለቀላት።

ወደ ቤቱ ለመግባት ደግሞ ወግ አለው። ከበሩ ሥር፣ ከመሬት እኩል የሆነ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተነጥፏል። ማንም ሰው እሱ ላይ ቆሞ ጫማውን ሳይጠርግ አይገባም፤ አቧራ ይዞ ጌታው ፊት መቅረብ ነውር ነው። ትንሽ ልጅ ሳለች አባቷ ትከሻዋን ይዞ «ጥረጊ፤ አሁንም ጥረጊ» ይላት ነበር። ከመጠረግ ብዛት የድንጋዩ መሃል ጎድጉዷል። ይህ ጎድጓዳ የቤተሰቡ ኩራት ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ከጌታው ሣጥን በፊት የሚያሳዩት እሱን ነው። «ስንት ትውልድ እንደጠረገበት እይ» ይሉታል፤ እንግዳውም ጫማውን እየጠረገ ያደንቃል።

ወጣት ሳለች አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ወዷት ነበር። መልከ መልካም፣ ሳቂታ፣ ደግሞም የምሩን የወደደ ሰው ነው። ወደ ሌላ ከተማ ሊወስዳት ፈለገ። «ቁልፉን ለአንዱ ዘመድሽ ስጪውና ነይ» አላት። «የአያቴን ቤት ለማን ጥዬ?» አለችው። ጠበቃት፤ ሲመጣ ሲሄድ ጠበቃትና በመጨረሻ ሌላ አገባ። እስከ ዛሬ በሱቋ በኩል ሲያልፍ አንዴ ጡሩምባ ይነፋል። እሷም ከመኪናዋ ላይ ቀና ሳትል ክሯን በጥርሷ ትበጥሳለች።

ወንድሟ ሲሞት ትቷት የሄደውን ልጅ ተረከበች። የወተት ጥርሷ ገና ያልወለቀ፣ ዓይኗ ብቻ የሆነች ልጅ ነበረች። ከመኪናው ሥር፣ በቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ እየተኛች አደገች። ማታ ማታ ተረት ስትጠይቅ ልዕልት የምታውቀው አንድ ተረት ብቻ ነው፤ የጌታውን።

«ዓይኑ ምን ዓይነት ነበር?» ትላለች ልጅቷ።

«እንዳንቺ።»

«አፍንጫውስ?»

«እሱ እንኳ እንደኔ ነው። ጌታ መሆን አፍንጫ አያሳምርም።»

ልጅቷ እየሳቀች ትተኛለች። እውነቱን ለመናገር ልዕልት የጌታውን አፍንጫ የት አይታው ታውቃለች? ግን አልዋሸችም፤ የምታምነውን ነው የተናገረችው። ይህን አስቀድሜ ልበል፤ ኋላ የሚመጣው ነገር ሁሉ እዚህ ላይ ነውና የሚቆመው።

ልጅቷ በትምህርቷ ገፋች፤ ገፍታ ገፍታ ዶክተር ሆነች፤ ግን በሽተኛ የማታክም ዶክተር። ከጥንት ሰዎች አጥንት ዲኤንኤ አውጥተው ማን ከማን እንደተወለደ፣ የትኛው ሕዝብ ከየት እንደመጣ ከሚያጠኑ ሰዎች ጋር በአንድ ቤተ ሙከራ ሥራ ያዘች። ልዕልት ለጫማ ሰፊው ስታስረዳው «የሞተ ሰው ታናግራለች» አለችው። «እኔ ቁሞ የሚሄደውን ማናገር አቅቶኛል» አለ ጫማ ሰፊው፣ በአፉ የያዘውን ሚስማር ሳያወጣ።

አንድ ቀን ልጅቷ ወደ ሱቁ መጥታ፣ እንደ ልጅነቷ ከካውያው ጠረጴዛ ላይ ጉብ ብላ፣ ከግድግዳው አንድ ጥቅልል ክር አወረደች።

«አየሽ አክስቴ፤ በሰው ውስጥ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፍ ነገር አለ። አባት ለልጁ፣ እሱም ለልጁ፤ እንደዚህ ሳይቆረጥ ይወርዳል። ከጌታው አጥንት እሱን እናወጣለን፣ ከአባባ ደግሞ ምራቅ እንወስዳለን፣ ከዚያ ጎን ለጎን ማየት ነው።»

አባባ የልዕልት አባት ታናሽ ወንድም ናቸው፤ የቤተሰቡ አንጋፋ፣ በስብሰባ ላይ መጀመሪያም መጨረሻም የሚናገሩ ሰው።

«አንድ ካልሆኑስ?» አለች ልዕልት። ለወግ ያህል ነው የጠየቀችው።

«ካልሆኑ በአባት በኩል ዘመድ አይደሉም ማለት ነው።»

«አንድ ናቸው» ብላ ክሩን ተቀበለቻትና ወደ ምስማሩ መለሰችው። «የትኛውን አጥንት ነው የምትወስዱት?»

«ከጆሮው ውስጥ ያለውን። በጣም ጠንካራው እሱ ነው፤ ስንት ዘመን ቢቆይ ቶሎ አይበላሽም።»

«ታዲያ ስናወራ ይሰማን ነበር ማለት ነዋ» አለች ልዕልት፤ ቀልዷንም አልነበረም።

ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ነገሩ ተቀጣጠለ። አባባ ብድግ ብለው «አያቴን በመሰርሰሪያ?» ሲሉ ክፍሉ ሁሉ አጉረመረመ። ልጅቷ ለማስረዳት ሞከረች፤ የሚሰማት ጠፋ። ያን ጊዜ ልዕልት ተነሳች። በስብሰባ ላይ ተነስታ ተናግራ አታውቅም። ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ በእጇ ይዛ «ልጄ ናት። እኔ ነኝ ያሳደግኳት። የሚመጣው ሁሉ በእኔ ይሁን» አለች። አባባም ጥቂት ካጉተመተሙ በኋላ ምራቃቸውን ለመስጠት ተስማሙ፤ ያን ሁሉ ሲናገር የዋለ አፋቸው ግን ደርቆ ብልቃጧ እስክትሞላ ስንት ነገር ሆነ። «ስለ ሎሚ ያስቡ አባባ» ትላለች ልጅቷ፣ እሳቸው ደግሞ «በገዛ ምራቄ ታዛዥ ሆኜ ልቅር?» ይላሉ።

ሲለያዩ ልዕልት ልጅቷን ደጅ ላይ ያዘቻት። «አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንሽ። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ከሰው ሁሉ በፊት ለእኔ ንገሪኝ። በስልክ አይደለም። በሰው አፍ አይደለም። መጥተሽ ሱቄ ውስጥ ተቀምጠሽ።»

«ሞቼ ነው አክስቴ? ላንቺ ሳልናገር ለማን ልናገር?»

ልዕልት ሌላ ዋስትና አልፈለገችም። እኔም ብሆን አልፈልግም ነበር፤ በቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ አስተኝቶ ያሳደጉትን ልጅ ማን ፈርሚ ይላል?

የቤተ ሙከራው ሰዎች መጡ። ነጭ ቱታ፣ ጓንት፣ ጭምብል፤ ከጌታው ይልቅ እነሱ ከመቃብር የወጡ ይመስሉ ነበር። የእኛ ዲኤንኤ ከአጥንቱ ጋር እንዳይቀላቀል ነው ብለው ልዕልትንም ጭምብል አስደረጓት። መሰርሰሪያው ሲያፏጭ የራሷን ጆሮ በእጇ ሸፈነች። «ቀስ በሉ፣ ሰው ነው» አለች። ከጨረሱ በኋላ የራስ ቅሉን በጥንቃቄ ወደ ቦታው መልሰው፣ ክዳኑን እንደነበረ እስኪገጥሙ ድረስ ከአጠገባቸው አልተነቃነቀችም።

በዚያው ሰሞን የደጃፉ ድንጋይ በአንድ ጎኑ መስመጡን አዩ። ያነሱት ሊያስተካክሉት ብለው ነው። ከሥሩ ሌላ ሰው ወጣ። ሣጥን የለው፣ መጎናጸፊያ የለው፤ በበሩ ስፋት ልክ በጎኑ ተጋድሟል፣ ጉልበቱ ታጥፏል። ልጅቷ ጭምብሏን ዝቅ አድርጋ ወደ አክስቷ ዞረች።

«ከዚህኛውስ እንውሰድ?»

ልዕልት የበሩ መቃን ላይ ተደግፋ ወደ ጉድጓዱ አየች። «ሎሌ ይሆናል» አለች። «እሱን እንደፈለጋችሁ አድርጉት።»

ወሰዱ፤ አፈሩን መለሱ፤ ድንጋዩን አስተካክለው አነጠፉት። ልዕልትም ላዩ ላይ ቆማ የዕለቱን አቧራ ከጫማዋ ጠረገችና ጌታው ደህና መሆኑን ለማየት ገባች።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ሆነ። ልጅቷ ስትደውል ልዕልት ስለ ጤናዋ፣ ስለ ምግቧ፣ ስለ እንቅልፏ ጠይቃ ስታበቃ በመጨረሻ፣ እንደ ዋዛ፣ «ያ ነገርስ?» ትላለች። «ገና ነው አክስቴ፣ ጊዜ ይወስዳል።» ዝናብ ገባ፤ ገና ነው። ዝናቡ አባራ፤ ገና ነው። ሱቁ የሚመጣው ሁሉ ጉዳዩን ያውቃል፤ «እህ ልዕልት፣ ዘውዱ መቼ ነው የሚጫነው?» ይሏታል። እሷም ትስቃለች። ደስተኛ ነበረች፤ ዕድሜዋን ሁሉ ያመነችውን ነገር በማሽን የሚያረጋግጥላት የራሷ ልጅ ናት፤ ከዚህ በላይ ምን አላት?

ዝናቡ ካባራ በኋላ ልጅቷ ፎቶ የሚያነሱ ሁለት እንግዶች ይዛ መጣች። የኮረብታው መንገድ ጭቃ ብቻ ነበር። ልዕልት ከፊት ሆና ጉልበቷን እያባበለች ወጣች፣ በሩን ከፈተች፣ ጫማዋን ጠረገች፣ ገባች። እንግዶቹም እሷን አይተው ጠረጉ። ልጅቷ ግን ድንጋዩ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ምነው ቆምሽ?» አለች ልዕልት ከውስጥ፤ ከዚያም በአባቷ ድምፅ፣ እየሳቀች፣ «ጥረጊ፤ አሁንም ጥረጊ።»

ልጅቷ የግራ ጫማዋን ጠረገች። የቀኙንም ጠረገች። ጭቃው በጎድጓዳው ላይ ወፍራም ሆኖ ቀረ።

«አየሽ፣ አልረሳሽም» አለቻት ልዕልት፤ ልቧ ቅቤ ጠጣ። ልጅቷ ፊቷ ገርጥቶ ነበር፤ የመንገድ ድካም መሰላት። ስትሄድም አንገቷን አቅፋ አልለቅ ብላት ቆየች። ልዕልት ቁልፉን ለማን እንደምታወርስ የወሰነችው በዚያ ቀን ነው። አባባ ወንድ ልጆች አሏቸው፣ እነሱም ልጆች አሏቸው፤ ይቅርባቸው። ቁልፉ ለዚህች ልጅ ነው። ካላት ጨርቅ ሁሉ መርጣ፣ ለአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ከተረፈ ሰማያዊ ከፋይ ላይ ለቁልፉ የሚሆን ትንሽ ከረጢት ቆረጠች። ውጤቱ ሲነገራት፣ እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ ከረጢቱን ልታወጣላት ነው ሐሳቧ።

የከረጢቱን አፍ እየዘመዘመች ሳለ ነው ሬዲዮው የተናገረው። ቀን ነው፤ ሰው የሚተላለፍበት ሰዓት። ጫማ ሰፊው እንደ ልማዱ ሬዲዮውን ከሣጥኑ ላይ አስቀምጦ ተረከዝ ይቀጠቅጣል። ስለ ጥንት ሕዝቦች የሚያወራ ፕሮግራም ነው።

«ልዕልት» አለ መዶሻውን አውርዶ፣ «ይቺ ያንቺ ልጅ አይደለችም?»

ነች። ድምፁ የእሷ ነው፤ ትንሽ ተሞርዷል እንጂ ያው ነው። ልዕልት እግሯን ከፔዳሉ አነሳች። ጫማ ሰፊው ድምፁን ከፍ አደረገላት። ሽንኩርት ገዝታ ስታልፍ የነበረች ጎረቤትም ቆመች። ልዕልት ደረቷን ነፋ አድርጋ፣ መርፌዋን እንደያዘች፣ ደጃፉ ላይ ወጣች።

ልጅቷ ከመቃብር ቤቱ ጌታ ጀመረች። ሰውየው የዚህ አገር ተወላጅ አይደለም አለች፤ ዘሩ የሚመሳሰለው ከበረሃው ማዶ ካሉ የጥንት ሕዝቦች ጋር ነው፤ ተሹሞ ወይም ተሰዶ የመጣ ይሆናል። ጋዜጠኛው «ዘሮቹ ነን የሚሉ ሰዎች አሉ አይደል?» አለ።

«አሉ። በአባት በኩል ከእሱ ጋር ግንኙነት የላቸውም። እነሱ የሚገናኙት ከደጃፉ ድንጋይ ሥር ካገኘነው ሰው ጋር ነው። በአባት መስመር አንድ ናቸው፤ ወይ የራሱ ወይ የቅርብ ወንድ ዘመዱ ዘሮች ናቸው። ሰውየው አከርካሪው በሸክም የተጎዳ ነው፤ ምናልባት ተሸካሚ ወይም በር ጠባቂ ነበር።»

«እንግዲህ መሳፍንት ነን ሲሉ በረኞች ሆነው ተገኙ በይኛ» አለ ጋዜጠኛው።

ልጅቷ ሳቀች። ረጅም ሳቅ አልነበረም፤ ሰው ሲቀልድ ዝም ማለት ደስ ስለማይል የሚሳቅ አጭር ሳቅ ነው። ልዕልት ግን ያን ሳቅ ታውቀዋለች፤ ከመኪናው ሥር ስንት ዓመት ሰምታዋለች።

ጫማ ሰፊው እጁን ወደ ሬዲዮው ላከ። «ተወው» አለችው፤ «ይናገሩ።»

«ይህንን መቼ ነው ያወቃችሁት?» አለ ጋዜጠኛው።

«ካለፈው ዝናብ በፊት። ሁለተኛው ዙር ምርመራም ያንኑ ነው ያረጋገጠው።»

«ለቤተሰቡስ ተነገራቸው?»

«ቤተሰቡ ትልቅ ትብብር አድርጎልናል» አለች ልጅቷ።

ሽንኩርት የያዘችው ጎረቤት መንገዷን ቀጠለች። ጫማ ሰፊው መዶሻውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ። «አንቺ ሴትዮ፣ ሻይ ላስመጣልሽ?» አለ። ሴትዮ አላት። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ክፉ አስቦ አይደለም፤ ልዕልት ብሎ ቢጠራት የሚያሾፍባት መስሎ ታይቶት ነው። እሷ ግን ሰማችው፤ ከሬዲዮው እኩል ሰማችው።

ወዲያው አባባ ደወሉ። ሰላምታም የለ። «በእኔ ይሁን ብለሽ ነበር» አሉ። ድምፃቸው እንደ ስብሰባው ጊዜ የሚያስተጋባ አልነበረም፤ የደከመ ሽማግሌ ድምፅ ነው። «ምራቄን ወስዳ መልሳ ፊቴ ላይ ተፋችብኝ።» ዘጉት።

ልዕልት ሱቋን በቀን ዘጋች። ሆድ ባሳት። በረኛ መሆን አይደለም ያንገበገባት፤ ያም ቀላል አይደለም፣ የሹፌሩ ጡሩምባ ትዝ ብሏት የማንን ቤት ስጠብቅ ነው ያረጀሁት ብላ ራሷን ጠይቃለች። የጎዳት ግን ሌላ ነው። ሽንኩርት የገዛችው ሴት ከእሷ እኩል ሰማች። በአንድ ሬዲዮ፣ በአንድ ሰዓት። ሱቄ ውስጥ ተቀምጠሽ ብላ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ባልዲ፣ ብሩሽና ሳሙና ይዛ ኮረብታውን ወጣች። በሩን ከፍታ ደፉ ላይ በመጥፎ ጉልበቷ ተንበረከከችና ድንጋዩን ማሸት ጀመረች። የደረቀው ጭቃ በየስንጥቁ ገብቶ ነበር። እያሸች አሰበች። በየት በኩል ነው በረኛው አያታችን ጌታ የሆነው? ምናልባት የጌታው ሰዎች አልቀው ወይ አገር ጥለው ሄደው፣ ቁልፉ ከበረኛው ልጅ እጅ ቀረ። አንድ መንገደኛ «የተኛው ምንህ ነው?» ብሎ ጠየቀው፣ ልጁም ሸክም የሰለቸው ነበርና «አያቴ» አለ። በቃ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ የሰማውን አመነ። አባቷም አምኖ ነው «ጥረጊ» ያላት። እሷም አምና ነው «ሎሌ ይሆናል» ያለችው። ይህን ስታስብ እጇ ቆመ፤ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገችና እንደገና አሸች። በማታውቀው ነገር የሠራችው ነው፤ ቢሆንም አፈረች።

«አክስቴ።»

ልጅቷ ከመንገዱ ጥግ ቆማለች። ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ነው፤ ከመኪና ወርዳ በቀጥታ ነው የመጣችው። ልዕልት ቀና አላለችም።

«ፕሮግራሙ የሚተላለፈው በሚቀጥለው ሳምንት ነው ብለውኝ ነበር» አለች ልጅቷ። «በዚህ ሳምንት መጥቼ ልነግርሽ ነበር። በእናትሽ ስሚኝ። ስንት ጊዜ ስልኩን አንስቼ ተውኩት መሰለሽ። በስልክ አይሆንም ብለሻል። ስመጣ ደግሞ ፊትሽን አይቼ አቃተኝ። ዕድሜሽን ሁሉ… እንዴት ብዬ ልንገርሽ? እንዳትጎጂብኝ ነው።»

«ለጋዜጠኛው አላቃተሽም።»

«እሱ ሥራ ነው አክስቴ።»

«እሺ» አለች ልዕልት። ባልዲውን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ተቀመጠች፤ ልጅቷንም አሁን ገና ቀና ብላ አየቻት። «ጌታውን እርሺው። የኔ አይደለም ካልሽ አይደለም፤ አንቺ ታውቂያለሽ። ሬዲዮውንም ተይው፤ ስቀሽብናል፣ እሱም ይለፍ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከዝናቡ በፊት አውቀነዋል ብለሻል።»

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች።

«ከዝናቡ በኋላ መጥተሻል። እዚህ ቆመሻል። ከዚህ ሥር ማን እንዳለ እኔ አላውቅም፣ እንግዶቹም አያውቁም። አባቴም ሳያውቅ ሞቷል።» ብሩሹን በድንጋዩ ላይ አስቀመጠችው። «አንቺ ታውቂ ነበር። ጭቃሽን ግን እላዩ ላይ ጠረግሽ።»

ልጅቷ ቁልቁል ወደ ጫማዋ አየች።

«ግራሽንም ቀኝሽንም ጠረግሽ። እኔም አልረሳሽም ብዬ ደስ አለኝ።»

«ጥረጊ ስትይኝ… ባልጠርግ ትጠይቂኝ ነበር።»

«እጠይቅሽ ነበር» አለች ልዕልት። «እኮ። በጠየቅኩሽና በነገርሽኝ ነበር።»

ልጅቷ አለቀሰች። ልዕልት እንዳታለቅስ አልከለከለቻትም። የበሩን መቃን ይዛ ተነሳች፣ በሩን ቆለፈች፣ ቁልፉን ወደ አንገቷ መለሰች። ልጅቷ እጇን ልትሰጣት ተጠጋች፤ እሷ ግን መቃኑን እንደያዘች ድንጋዩን ሳትረግጥ ተሻገረች። በሕይወቷ ያልረገጠችው ያን ቀን ብቻ ነው።

ዘወር ስትል ልጅቷ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች፤ በባዶ እግሯ እርጥቡ አፈር ላይ ቆማለች።

«ቁልፉን ላንቺ ነበር ያሰብኩት» አለች ልዕልት። «ከረጢት ሰፍቼለት ነበር።»

«አሁንስ አክስቴ?»

ልዕልት ባልዲዋን አነሳች። ልጅቷ ትንሽ ሳለች እንደምታደርገው ቁልቁል ባዶ እግሯን አየች።

«አሁን ጫማሽን አድርጊ» አለቻት፤ «ብርድ ይመታሻል።» ከዚያም ሳትጠብቃት ብቻዋን ወረደች።